ባሕር ዱካ የለውም፤ ለትንሽ የሞተር ጀልባ የቻርትፕሎተር አመራረጥ

በየብስ የሚጓዝ ሰው መንገድ ቢጠፋበት ቆሞ እረኛ ይጠይቃል። ዛፉና ኮረብታው፣ ድልድዩና ቤተ ክርስቲያኑ ምልክት ይሆኑታል። ቢሳሳትም የመጣበትን ዱካ ተከትሎ ለመመለስ ይችላል። በባሕር ላይ ግን ዱካ የሚባል ነገር የለም። ጀልባው የሰነጠቀው ውሃ ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል። የውሃው ገጽ ወዴትም ቢመለከቱት አንድ ዓይነት ነው፤ ከገጹ በታች ያለው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እዚህ ላይ 50 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር፣ ጥቂት እልፍ ሲሉ አንድ ሜትር ብቻ ሆኖ ከሥሩ አለት ሊጠብቅ ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዋናተኛ ብቻ ሳይሆን ለጀልባ ነጂም የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ የባሕር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው የሆነ ካርታ አዘጋጁ። የየብስ ካርታ ተራራውን፣ ከተማውንና ጎዳናውን ሲያሳይ፣ የባሕር ካርታ ዋና ሥራው ዓይን የማያየውን ማሳየት ነው። ይኸውም የውሃውን ጥልቀት በቁጥር፣ የወለሉን ዓይነት፣ የሰመጡ መርከቦችን ቦታ፣ የመብራት ግንቦችንና በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን የመንገድ ምልክቶች ያመለክታል። በቀድሞ ዘመን ጥልቀቱ የሚለካው ጫፉ ላይ የእርሳስ ክብደት የታሰረበትን ገመድ ወደ ውሃው በመጣል ነበር። መርከበኛውም በኮምፓስ አቅጣጫውን እየጠበቀ፣ በሴክስታንት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ፣ ያለበትን ቦታ በስሌት አግኝቶ በካርታው ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ይህ ሥራ ትምህርትንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ ወይም ለመዝናናት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመካው በለመደው የባሕር ዳርቻ ብቻ ነበር።

ዛሬ ይህን ሁሉ ድካም የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው አንድ መሣሪያ ተረክቦታል። መሣሪያው ቻርትፕሎተር ይባላል። በውስጡ ሦስት ነገሮች ተጣምረዋል፤ እነርሱም ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት የሚቀበል ክፍል፣ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የተቀመጠ የባሕር ካርታ፣ ሁለቱን አገናኝቶ የጀልባውን ቦታ በካርታው ላይ እያንቀሳቀሰ የሚያሳይ መስታወት ናቸው። ገዢ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ አለበት። በገበያ ላይ ዓይን የሚስበው መስታወቱ ነው፤ ሕይወት የሚያድነው ግን ካርታው ነውና።

ቦታን ማወቅ

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጂፒኤስ የሚባለው የሳተላይት አገልግሎት የተሠራው በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሳተላይት የተተኮሰው በ1978 ነው። በ1983 አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን ከመሥመሩ ወጥቶ ሶቪየት ኅብረት ክልል ውስጥ በመግባቱ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን አገልግሎቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪል ሰዎችም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። አገልግሎቱ በሙሉ ኃይሉ መሥራት የጀመረው በ1995 ነበር። ሆኖም የጦር ኃይሉ ለሌላው ሰው በሚደርሰው ምልክት ላይ ሆነ ብሎ ስሕተት ይጨምርበት ስለነበር፣ የሚገኘው ቦታ እስከ 100 ሜትር ሊዛነፍ ይችል ነበር። ይህ ስሕተት በግንቦት 2000 ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በገላጣ ሰማይ ሥር ያለ ተራ መቀበያ ቦታውን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል።

አሠራሩ በመሠረቱ የሰዓት ጉዳይ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዞ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ምልክት ያለማቋረጥ ይልካል። የሬዲዮ ምልክት በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ መቀበያው ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት አስልቶ ርቀቱን ያገኛል። የአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያዛንፋል። ቦታንና ሰዓትን በአንድነት አስተካክሎ ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሌዎና የቻይናው ቤይዱ ስለ ተጨመሩ፣ አብዛኞቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ከአንድ በላይ ከሆኑ አገልግሎቶች ምልክት ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሳተላይቱ «የት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ መልስ ይሰጣል። «ከሥርህ ምን አለ?» ለሚለው ግን አንዳች መልስ የለውም። ይህን የሚመልሰው ካርታው ነው፤ ካርታውም የሚያውቀው አንድ ቀን አንድ ሰው በመርከብ ሄዶ የለካውን ያህል ብቻ ነው። አንዳንዱ የባሕር ዳርቻ በቅርብ ዓመታት በረቂቅ መሣሪያ ተለክቷል። ሌላው ግን ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚያ በእርሳስ ገመድ እንደ ተለካ ነው። ስለዚህ የባሕር ካርታ ሊቃውንት መለኪያውን በደረጃ ይከፍሉታል። ከፍተኛው ደረጃ ኤ1 ሲሆን፣ በካርታው ላይ ያለው ነገር ከእውነተኛ ቦታው ከጥቂት ሜትሮች በላይ አይርቅም። ሲ በተባለው ደረጃ ግን ስሕተቱ እስከ 500 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በመስታወቱ ላይ ሁለቱም እኩል አምረውና ደምቀው ይታያሉ።

ሁለት አደጋዎች

ይህ ነገር በቃል ብቻ የሚቀር አለመሆኑን ሁለት የታወቁ አደጋዎች ያስረዳሉ።

በኅዳር 29 ቀን 2014 ሌሊት ቬስታስ ዊንድ የተባለ የእሽቅድምድም ጀልባ በሕንድ ውቅያኖስ ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ በሸራ ይገሠግሥ ነበር። ዘጠኝ ባሕረኞች ነበሩበት። ፍጥነቱ በሰዓት 19 የባሕር ማይል ያህል ሲሆን፣ ከሞሪሺየስ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ካርጋዶስ ካራጆስ በሚባለው የኮራል አለት ላይ ወጣ። ጀልባው እጅግ ዘመናዊ ነበር፤ ቦታውንም ሳተላይቱ በትክክል ይነግረው ነበር። አለቱም በካርታው ውስጥ አልጠፋም። ነገር ግን ባሕረኞቹ ካርታውን ሰፊ አገር እንዲያሳይ አሳንሰው ይመለከቱት ስለነበር አደጋው በመስታወቱ ላይ አልወጣም። ኤሌክትሮኒክ ካርታ መስታወቱ በጽሑፍ እንዳይጨናነቅ ሲል፣ በሚያሳንሱት ጊዜ ዝርዝሩን ይደብቃል፤ በሚያጎሉት ጊዜ ይገልጣል። አጉልተው ቢመለከቱት ኖሮ አለቱ ይታያቸው ነበር። ዘጠኙም ሰዎች በሕይወት መትረፋቸው ትልቅ ዕድል ነው። ጀልባውም ተጠግኖ በተከታዩ ዓመት የውድድሩን የመጨረሻ ክፍል ሊሳተፍ በቃ።

ሁለተኛው አደጋ የደረሰው በሰኔ 10 ቀን 1995 ነው። ሮያል ማጀስቲ የተባለው የመንገደኞች መርከብ ከ1,500 በላይ ሰዎች ይዞ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ይጓዝ ነበር። ከወደብ ከወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው የሳተላይት አንቴናው ሽቦ ተላቀቀ። መሣሪያው ግን አልቆመም፤ ፍጥነትንና አቅጣጫን ብቻ ይዞ በግምት ማስላቱን ቀጠለ። በመስታወቱ ጠርዝ በትንንሽ ፊደል ምልክት ቢያሳይም የተመለከተው አልነበረም። መርከቡ ለአንድ ቀን ተኩል ለሚጠጋ ጊዜ በግምት ተጓዘ። ከእውነተኛው መሥመር 17 የባሕር ማይል ያህል ርቆ በናንታኬት ደሴት አጠገብ በአሸዋ ላይ ተቀመጠ። በዚህም አደጋ የሞተ ሰው አልነበረም። ለአንድ ትልቅ ድርጅት መርከብ ይህ ከደረሰበት፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያላት የሞተር ጀልባ ይዞ ብቻውን ለሚወጣ ሰው ምን ያህል የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልገው ይሆን?

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንረዳው መሣሪያው በሁለቱም ጊዜ አልዋሸም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳይጠየቅ ዝም አለ፤ ሁለተኛው በዝግታ ተናገረ። ስለዚህ ጥሩ ቻርትፕሎተር ማለት ብዙ ነገር የሚያውቅ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን በጊዜው ግልጥ አድርጎ ለነጂው የሚነግር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የአመራረጥ ምክር በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሲገዙ የሚታዩ ነገሮች

በመጀመሪያ የሚታየው ካርታው ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጀልባው የሚሄድበትን ውሃ የሚያሳይ ካርታ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። የካርታ ኩባንያዎች ካርታቸውን ገዢው በቅድሚያ በኮምፒዩተር እንዲመለከተው ያቀርባሉ፤ እዚያ ገብቶ የራስን ወደብ ወይም ሐይቅ ፈልጎ አጉልቶ ማየት ነው። የጥልቀት ቁጥሮቹ ተቀራርበው ከተጻፉ መልካም ነው። ባዶ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ከታየ ግን «አደጋ የለም» ማለት ሳይሆን «አልተለካም» ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም መሣሪያው የማንን ካርታ እንደሚቀበል መጠየቅ ያሻል። አንዳንዱ የብዙ ኩባንያዎችን ካርታ ሲቀበል፣ ሌላው የራሱን ብቻ ይቀበላል። በ1984 በኢጣሊያ የተነሣውና በኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ ቀዳሚ የሆነው ናቪዮኒክስ እንኳ በ2017 በአሜሪካው ጋርሚን ተገዝቷል። ዛሬ ርካሽ መስሎ የተገዛ መሣሪያ ነገ ካርታው በየዓመቱ ሲታደስ የሚያስከፍለው ገንዘብ አብሮ መታሰብ አለበት። የአሜሪካ መንግሥት የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት የቀድሞዎቹን የወረቀት ካርታዎች ማዘጋጀቱን በ2025 መግቢያ ላይ ጨርሶ ትቶ ኤሌክትሮኒኩን በነጻ ይሰጣል። በብዙ ሌላ አገር ግን ካርታ በገንዘብ ነው።

ሁለተኛው መስታወቱ ነው። ስፋቱ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ሲሆን፣ ለትንሽ ጀልባ ከ5 እስከ 9 ኢንች ያለው ይበቃል። ካርታንና ጥልቀት መለኪያን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ለማየት የሚፈልግ ሰው ግን ከ7 ኢንች ባያንስ ይሻለዋል። ከስፋቱ ይልቅ ብርሃኑ ይበልጣል። በሱቅ ጥላ ውስጥ የሚያበራ መስታወት በባሕር ላይ በቀትር ፀሐይ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብርሃኑ ኒት በሚባል መለኪያ ስለሚቆጠር 1,000 ኒት ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ ይበጃል። የፀሐይ መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን እንዳደረገ ከፊትም ከጎንም ሊመለከተው ይገባል፤ አንዳንድ መነጽርና አንዳንድ መስታወት አይስማሙምና። በሌሊት ደግሞ ብርሃኑ እጅግ ዝቅ የሚል መሆን አለበት፤ አለዚያ የነጂው ዓይን ጨለማውን ማየት ያቅተዋል።

ሦስተኛው የእጅ ጉዳይ ነው። በጣት ተነክቶ የሚታዘዘው መስታወት በረጋ ውሃ ላይ እጅግ ይመቻል። ማዕበል ጀልባዋን ሲያንገጫግጫት፣ ውሃ ሲረጭበት ወይም ጣት ሲርስ ግን ያልታዘዘውን ሊፈጽም ይችላል። ስለዚህ ከጣት ንክኪው ጋር ቁልፎችም ያሉት ይመረጣል። በተለይ የማጉያና የማሳነሻ ቁልፍ ያለው ተመራጭ ነው፤ የቬስታስ ዊንድ ታሪክ እንዳስተማረን ደጋግሞ የሚነካው እርሱ ነውና። እንዲሁም ሰው ከጀልባ ላይ ቢወድቅ ወዲያው ተጭነውት የወደቀበትን ቦታ የሚመዘግበው ቁልፍ በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ማየት ነው።

አራተኛው ጥልቀት መለኪያው ነው። ብዙ ቻርትፕሎተሮች በድምፅ ሞገድ የሚሠራ የጥልቀት መለኪያና የዓሣ ማያ አላቸው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። መሣሪያው ድምፁን ልኮ ከወለሉ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በመቁጠር ጥልቀቱን ያውቃል። 200 ኪሎ ኸርዝ የሚባለው ሞገድ ለዝቅተኛ ውሃ ጥራት ያለው ምስል ሲሰጥ፣ 50 ኪሎ ኸርዝ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። በባሕር ዳርቻና በሐይቅ ለሚንቀሳቀስ ጀልባ የመጀመሪያው ያመዝናል። ይህ መለኪያ ለካርታው ምስክር ነው። ካርታው 20 ሜትር ሲል መለኪያው 6 ሜትር ካለ አንዱ ተሳስቷል ማለት ስለሆነ ፍጥነትን መቀነስ ነው። ነገር ግን መለኪያው የሚናገረው ከጀልባዋ ሥር ያለውን እንጂ ከፊቷ ያለውን እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም።

አምስተኛው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። መሣሪያው የሚሠራው በጀልባዋ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ የባትሪው ኃይል ለቅጽበት ስለሚወርድ ደካማ ሽቦ ያለው መሣሪያ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። በቂ ውፍረት ያለው ሽቦና የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ያስፈልጋል። ከኮምፓስም ራቅ ብሎ መተከል አለበት፤ አለዚያ የኮምፓሱን መርፌ ሊያዛባው ይችላል። አይፒኤክስ 7 የሚል ምልክት ያለበት መሣሪያ በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውሃ አይገባውም ማለት ነው። ከዚህ ያነሰውን ለክፍት ጀልባ መግዛት ገንዘብን ወደ ባሕር መጣል ነው።

በመጨረሻ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር መገናኘቱ ይታያል። ኤንኤምኢኤ 2000 የሚባለው የጋራ የግንኙነት ሥርዓት የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች እንዲነጋገሩ ያስችላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ከባሕር ሬዲዮው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የራሱ የቦታ መቀበያ የሌለው ሬዲዮ ከቻርትፕሎተሩ ጋር ከተያያዘ፣ የአደጋ ቁልፉ ሲጫን የጀልባዋን ቦታ አብሮ ይልካል። ካልተያያዘ ግን «ድረሱልኝ» ይላል እንጂ የት እንደሆነ አይናገርም። ትልልቅ መርከቦች በሚመላለሱበት ሥፍራ የመርከቦችን ስምና አቅጣጫ የሚያሳየው ኤአይኤስ የተባለው መቀበያም ጠቃሚ ነው። ራዳርና የመሳሰለው ግን ለአምስት ሜትር ጀልባ ብዙውን ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው።

«ስልኬ ካርታ ያሳየኝ የለምን?» የሚል ወጣት ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን ጥሩ የባሕር ካርታ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ለመለማመጃና ለመጠባበቂያም እጅግ ይረዳል። ሆኖም ስልክ በፀሐይ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ በእርጥብ ጣት አይታዘዝም፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ይሁን እንጂ ብቸኛ አይሁን።

ስለ አገራችን ሐይቆች

ይህ ጉዳይ የባሕር በር ላለው አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ጣናን ያስብ። ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ፣ ወደ ደቅና ወደ ጎርጎራ የሞተር ጀልባ ይመላለሳል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። በክረምት መጨረሻና በበጋ መጨረሻ መካከል የውሃው ከፍታ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚለያይ፣ በጥቅምት በሰላም ያለፉበት ቦታ በግንቦት የሞተሩን መዘውር ሊሰብር ይችላል። በነፋስ ከዳር ወደ ዳር የሚነዳውን እምቦጭ ደግሞ የትኛውም ካርታ አያሳየውም። ለእንዲህ ያለ ሐይቅ ጀልባዋ ባለፈችበት ሁሉ ጥልቀቱን እየመዘገበ የራሱን ካርታ የሚሠራ ቻርትፕሎተር ተመራጭ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን መሣሪያ በጀልባው ላይ ተክሎ መዝገቡን ከነቀኑና ከነውሃው ከፍታ ቢያስቀምጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእጁ የሚገኘው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ይሆናል።

በግዥ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ ወጣት ባለሥልጣንም ይህን ሊያስብ ይገባዋል። የፍላጎት መግለጫ ሲጻፍ የድርጅት ስም ከመጥቀስ ይልቅ ሥራውን መጥቀስ ይቅደም። የትኛው ውሃ፣ በየትኛው ወራት፣ በቀን ወይስ በሌሊት፣ ስንት ሰው ተጭኖ እንደሚሄድ ይጻፍ። በጀቱም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ካርታውን፣ የካርታውን እድሳት፣ የሽቦ ሥራውንና የነጂውን ሥልጠና ይያዝ። ነጂው ሳይሠለጥን የተተከለ መሣሪያ በጀልባ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ ነው።

ነጂው ራሱ

መሣሪያው ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ በሚያውቁት ወደብ ውስጥ በቀን መሆን አለበት። የጥልቀቱ መለኪያ በሜትር ይሁን በጫማ መረጋገጥ አለበት፤ 6 ሜትርና 6 ጫማ እጅግ ይራራቃሉና። የጥልቀት ማስጠንቀቂያ ድምፁ ጀልባዋ ወደ ውሃ ከምትገባበት መጠን በላይ ተደርጎ ይስተካከል። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መሥመሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ በሙሉ አጉልቶ መመርመር አለበት፤ ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ዘጠኝ ሰዎችን ሌሊቱን በአለት ላይ ከማሳደር ባዳነ ነበር።

ከሳተላይት የሚመጣው ምልክትም በሰው እጅ ሊታወክ ይችላል። በሰኔ 2017 በጥቁር ባሕር ኖቮሮሲስክ ወደብ አጠገብ የነበሩ 20 ያህል መርከቦች መሣሪያዎቻቸው ከባሕር አንሥተው በየብስ ላይ ባለ አንድ የአውሮፕላን ጣቢያ አስቀምጠዋቸው ነበር። የመርከቦቹ አዛዦች ግን በመስኮት ሲመለከቱ ውሃውን እያዩ ነበርና አልተታለሉም። ይህ መልካም ምሳሌ ነው። ኮምፓስ፣ የሚቻል ከሆነም የወረቀት ካርታ፣ ከሁሉም በላይ ወደ ውጭ የሚመለከት ዓይን በጀልባ ላይ ሊጠፋ አይገባም።

እንግዲህ ቻርትፕሎተር የሚገዛ ሰው መስታወቱን ሳይሆን ካርታውን፣ ካርታውንም ብቻ ሳይሆን የራሱን ልምድ ጭምር እንደሚገዛ ይወቅ። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ብዙ ሺህ ይደርሳል። በጥቂቱ የተገዛው በሚገባ ከተጠና ነጂውን በደኅና ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ በብዙ የተገዛውም ሳይጠና ከቀረ አለቱ ላይ ሲወጣ ያማረ ሥዕል እያሳየው ይሆናል። ቦታውን መሣሪያው ይንገረው፤ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ግን ምንጊዜም መሪውን የጨበጠው ሰው ነው።